የጅማትና የአጥንት መጋጠሚያ

አሰላና በቆጂ ታላላቅ ሯጮችን ያፈሩ የአርሲ ደጋ ከተሞች ናቸው። ሯጭ ወደ ፊት የሚስፈነጠረው ጡንቻው ስለ በረታ ብቻ አይደለም፤ የጡንቻውን ኃይል ወደ አጥንት የሚያደርስ ጅማት ስላለው ጭምር ነው። የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ከጉዳት አያመልጥም። የአሰላው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫን ያሸነፈው ይኸው ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሲወዳደርም ሦስተኛ ወጣ።

ጅማት ከመታመም አልፎ ከአጥንቱ የተገነጠለ እንደሆነ ግን ችግሩ ይበረታል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጅማት ለስላሳ ነው፤ አጥንት ጠጣር ነው። ተፈጥሮም ሁለቱን በቀጥታ አላጋጠመቻቸውም፤ በመካከላቸው በመጀመሪያ ልም አጥንት፣ ቀጥሎም በካልሲየም የጠነከረ ልም አጥንት አኖረች። በዚህ አኳኋን ልስላሴው ቀስ በቀስ ወደ ጥንካሬ ስለሚለወጥ የሩጫው ጫና በአንድ ነጥብ ላይ አይከማችም። ሐኪም የተገነጠለውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር መልሶ ቢሰፋውም፣ ሰውነት ይህን የመሸጋገሪያ ክፍል እንደ ቀድሞው አይሠራውም፤ በምትኩ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳውም ደካማ ስለሆነ እንደገና ሊለቅ ይችላል።

ተመራማሪዎች ተስፋ ከጣሉባቸው ነገሮች አንዱ ግንደ ሕዋስ ነው። ግንደ ሕዋስ ማለት ሥራው ገና ያልተለየ ሕዋስ ማለት ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት አጥንት ወይም ልም አጥንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሕመምተኛው ከራሱ መቅኔ ተወስዶ በተሰፋው ቦታ ይጨመራል። በፈረንሳይ አገር የትከሻ ጅማታቸው በተሰፋላቸው 90 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በስድስተኛው ወር፣ ከመቅኔ የተገኘ ግንደ ሕዋስ የተጨመረላቸው 45 ሰዎች ጅማት ሁሉ ገጥሞ ተገኘ፤ ካልተጨመረላቸው 45 ሰዎች ግን የገጠመው የ30ዎቹ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ሕዋሱ ብቻውን ፈውሱን አላሻሻለም፤ ዕድገቱን የሚመራ ዘረ መል ሲታከልበት ግን መጋጠሚያው ጠንክሯል።

የአርሲ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ዘር ብቻውን አዝመራ አይሆንም፤ መሬቱና ወቅቱም ሊስማሙት ይገባል። ግንደ ሕዋስም እንዲሁ ነው። ሕክምናው ተስፋ የሚጣልበት ቢሆንም ገና የተረጋገጠ ፈውስ አይደለም። ስለዚህ ጅማቱን የሚያመው ወጣት ሯጭ ሕመሙን ንቆ ከመሮጥ ይልቅ፣ ጉዳቱ ሳይብስ ማረፍና ሐኪም ማማከር ይገባዋል።