5፥ 50 እና 500 ሜትር

«ልጁ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። ስሕተቱ ከዚሁ ይጀምራል እንላለን።

ሴሬብራል ፓልሲ ማለት አንጎል ገና ሲያድግ፥ በማኅፀን ወይም በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት፥ ከደረሰበት ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። ርግማንም ተላላፊ በሽታም አይደለም። የአንጎሉ ጉዳት እያደር አይሰፋም፤ ይሁን እንጂ ልጁ ሲረዝምና ሲከብድ፥ ጡንቻውም ሲኰማተር አረማመዱ ይለወጣል።

በ2004 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራልያ፥ በሜልቦርኑ ሮያል ችልድረንስ ሆስፒታል ኬር ግራሃም የተባሉ የአጥንት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ አንድ መለኪያ አወጡ። ልጁ 5፥ 50 እና 500 ሜትር በምን ይሄዳል? ብሎ ይጠይቃል፤ ይኸውም በቤት፥ በትምህርት ቤትና በሰፈር መንገድ ማለት ነው። ነጥቡ ከ1 እስከ 6 ነው፤ 1 ተሽከርካሪ ወንበር፥ 2 ዎከር፥ 3 ክራንች፥ 4 ከዘራ፥ 5 በደልዳላ መሬት ያለ ድጋፍ፥ 6 በማናቸውም መሬት ያለ ድጋፍ። እንግዲህ አንዱ ልጅ በቤቱ 3፥ በትምህርት ቤቱ 2፥ በገበያ መንገድ 1 ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ ይሄዳል እንበል ወይስ አይሄድም?

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ እኛን ያስገረመን ዎከሩ ነው። ሽማግሌዎች ሲገፉት የምናውቀው ከፊት የሚቀድመውን ነው። ልጁ ግን በዚያ ላይ ሲደገፍ ብዙ ጊዜ ወገቡ ወደ ፊት ይጐብጣል። ስለዚህ ለልጆች ከኋላ የሚከተል ተሠራ። ብረቱ ጀርባውን ይከባል፤ ልጁ ግራና ቀኙን ይዞ እየጐተተ ይራመዳል። ብዙዎቹ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተቱ ጎማቸው ይገታል፤ ፊቱም ክፍት ስለ ሆነ ልጁ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይጠጋል፤ ጓደኛውንም አቅፎ ይስማል።

«ከለመደው ይሰንፋል» የሚሉ አሉ። ታዝሎ የሚውል ልጅ እግሩን በምን ያሠራዋል? ተሽከርካሪ ወንበሩንም እንደ ሽንፈት የሚቈጥሩት አሉ፤ ነገር ግን ጕልበቱን በ500 ሜትር መንገድ የጨረሰ ልጅ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን በምን አቅም ይከታተላል?

የዎከር ትንንሽ ጎማ በጠጠርና በጭቃ ላይ አይሽከረከርም፤ ሦስት ደረጃም ይበቃዋል፥ ያቆመዋል። ከግቢያችን በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዎከር የሚመጣ አዲስ ተማሪ ስንት ቦታ ላይ እንደሚቆም ከሰዓት በኋላ ወጥተን ልንቈጥር እንችላለን።