ሽማግሌዎች ጥርስ ሲያስነቅሉ ስለሚጠየቁት ጥያቄ

የጥርስ ሐኪም ጉጠቱን ከማንሣቱ አስቀድሞ፥ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ከማቻከል ወይም ከአነደድ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጡ አንድ አባት ይህ ጥያቄ በቀረበላቸው ጊዜ፥ «የለም ልጄ፥ እኔ የመጣሁት ለጥርሴ ነው» ብለው ቢመልሱ ዋሹ አይባልም። መንጋጋንና ልብን ምን አገናኛቸው ብለው ነውና።

ደግሞም በአገራችን መድኃኒት የሚለው ቃል የሚያስፈራ ፍች አለው። «መድኃኒት አደረገበት» ሲባል እየሰሙ ያደጉ ሽማግሌ፥ ማለዳ ማለዳ የሚውጧትን ክኒን በዚህ ስም አይጠሯትም፤ «የግፊቴ» ወይም «የስኳሬ» ይሏታል እንጂ። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ የልብ ሕመምተኛም መርፌውን ከመድኃኒት አይቆጥረውም። ጦስኝና ነጭ ሽንኩርትማ ማን ያነሣዋል? እንደ እኛ አሳብ ጥፋቱ ከመላሹ ይልቅ በጥያቄው ላይ ይከብዳል።

ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ይህን ሳይናገር ጥርሱን ቢያስነቅል፥ ደሙ ቶሎ አይቆምለትም። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ይኸውም ለድድ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚያበረታው፥ በነቀላው ዕለት ደኅና የነበረው ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ሊደማ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ መንገዱም የገጠር መንገድ ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ ግን ክኒኑን በገዛ እጁ ያቋርጥ ማለታችን አይደለም። በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ቢወጣ ከጥርስ መድማት እጅግ ይከፋልና። የደሙ አረጋግ በምርመራ ተለክቶ አይ ኤን አር የተባለው ቁጥር ከ4 በታች ከሆነ፥ ዋርፋሪኑ ሳይቋረጥ ጥርስ መንቀል እንደሚቻል በውጭ አገር የወጡ የጥርስ ሕክምና መመሪያዎች ይፈቅዳሉ፤ ቁስሉም ተሰፍቶ በጥጥ ጨርቅ ይታፈናል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ለማዘጋጀት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የስኳር ሕመምተኞችም ነገር እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ግሊቤንክላሚድ ውጠው እህል ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት ወረፋ የሚጠብቁ እናት፥ በወንበሩ ላይ ላብ ላብ ብሏቸው ቢዝለፈለፉ፥ ሰው ሁሉ ጉጠቱን ፈርተው ነው ይላል እንጂ ስኳራቸው ወርዶ መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው፥ «ለግፊት፥ ለስኳር፥ ለልብ የሚውጡት ክኒን አለ ወይ? በየወሩ የሚወጉትስ? ለራስ ምታት ትናንት ምን ዋጡ? ከቅጠል ከሥሩስ?» ተብሎ በዝርዝር ቢቀርብ ይሻላል። አባቱን ወይም እናቱን ይዞ የሚመጣ ልጅም ክኒኑን ሁሉ ከነማሸጊያው፥ ከቀጠሮው ካርድ ጋር በፌስታል ቋጥሮ ያምጣ። ነጭ ክኒን ብዙ ዓይነት ነውና፥ ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ በመልኩ ብቻ የሚለየው የለም።