የሕዝብ መኪና በጌቶች ዋጋ

አንባቢ ሆይ! በአዲስ አበባ ጎዳና ዛሬም የምትታየውን ቮልስ የማያውቅ ማን አለ? ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው፤ ኩባንያውም ስሙን ያተረፈው ለብዙ ሰው አቅም በሚስማማ መኪና ነው።

ይኸው ኩባንያ በ2002 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፌይተን የተባለ የቅንጦት መኪና ለገበያ አቀረበ፤ በድሬስደን ከተማም ግድግዳው መስተዋት የሆነ ፋብሪካ አሠራለት። መኪናው በአሠራሩ ከቤንትሌይ ጋር የሚዛመድ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ዋጋው ከ60,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ፣ ባለጸጋው በዚያ ገንዘብ መርሴዲስን መረጠ። በዓመት 20,000 ሊሠራ ታስቦ፣ ሥራው በ2016 እስኪቆም በጠቅላላው 84,000 ያህል ብቻ ተሠራ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እዚህ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ይማራል። የመኪና ገዢ ግን ሰሙን፣ ይኸውም በፊቱ ላይ የተለጠፈውን ምልክት፣ አይቶ ያልፋል። ቶዮታ ይህን ስለ ተረዳ በ1989 የቅንጦት መኪናውን ሌክሰስ በሚል በሌላ ስም አወጣው፤ ገበያም አገኘ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ በአንድ ሥራ ያተረፍኸው ስም ለሌላው ሥራ ይበቃኛል ብለህ አትታመን። ከደመወዝህ ቆጥበህ ዕቃ ስትገዛም ከምልክቱ በፊት አሠራሩን መርምር።