ማረጋገጫውን አታጥፉት

ወጣት ፕሮግራመሮች ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሌላ ድርጅት ሰርቨር በብራውዘር ሲከፈት ሰላም ነው፤ ከኮድ ሲጠራ ግን «ሰርተፍኬቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል ኤረር ይመጣል። ከዚያ «ማረጋገጫውን ላጥፋው?» ይሉኛል። በከርል አንዲት ፊደል፣ በፓይተን አንድ ቅንብር ይበቃል፤ ኤረሩ ይጠፋል፣ ሥራውም ይቀጥላል።

መልሴ አይሆንም ነው። ማረጋገጫው ሲጠፋ ምስጠራው እንዳለ ይቀራል፤ የሚቀርብን ከማን ጋር እንደምንነጋገር ማወቁ ነው። መሐል የገባ ሰው የራሱን ሰርተፍኬት ቢያቀርብ ኮዳችን ይቀበለዋል፤ የደንበኛውን የይለፍ ቃል በሚገባ አመስጥሮ ለዚያው ሰው ያስረክባል።

እኔ መጀመሪያ የምከፍተው የኦፕንኤስኤስኤልን የትእዛዝ መስመር ነው። ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ የተላኩለትን ሰርተፍኬቶች ከዜሮ ጀምሮ እየቆጠረ ይዘረዝራል። በአንድ የክፍያ ሰርቨር ላይ ዜሮ ቁጥር ብቻ አየን፤ አንድ ቁጥር የለም። ከታች የማረጋገጫው ውጤት 21 ይላል፤ የመጀመሪያውን ሰርተፍኬት ማረጋገጥ አልተቻለም ማለት ነው። ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፍኬት ልኳል፤ እሱን የፈረመውን መካከለኛ ሰርተፍኬት ግን አላያያዘም። ብራውዘሮች ይህን ጉድለት ይሸፍኑታል፤ መካከለኛውን ቀድመው አስቀምጠውት ይሆናል፣ ወይም ራሳቸው ሄደው ያመጡታል። ኮዳችን የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያደርጉም። ስለዚህ ያየነውን ገልብጠን ለሰርቨሩ ባለቤት ላክን፤ ሙሉ ሰንሰለቱን መጫን የእነሱ ሥራ ነውና።

ሰዓትንም ሳታዩ አትለፉ። የኮምፒውተሩ ባትሪ ሞቶ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም አንድ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር በእጁ ከሞላ፣ ጤነኛው ሰርተፍኬት «ጊዜው ገና ነው» ይባላል።

የተላከውን መልእክት ራሱን ማየት ሲያስፈልግ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የምስጠራ ፕሮቶኮል፣ በቲኤልኤስ 1.3፣ ሰርተፍኬቱም ሳይቀር ተመስጥሮ ነው የሚያልፈው፤ የሰርቨሩ የግል ቁልፍ በእጃችን ቢኖር እንኳ የተቀዳውን ትራፊክ አይፈታልንም። መንገዱ ፕሮግራማችን የየግንኙነቱን ቁልፎች በፋይል እንዲጽፍ ማድረግና ፋይሉን ትራፊክ ለሚያነበው ፕሮግራም ለዋየርሻርክ መስጠት ነው። ይህ ግን በመሞከሪያ ማሽን ላይ ብቻ ይሁን፤ ሲያበቃም ፋይሉ ይደምሰስ።

ኤረር አለመኖሩ ደኅና መሆናችንን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አፕል ያረመውን ስሕተት አስቡት። በኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር ተደግማ በመጻፏ የፊርማው ፍተሻ ይዘለል ነበር። አይፎኖቹ አንድም ኤረር ሳያሳዩ ሐሰተኛ ሰርቨርን እንደ እውነተኛ ሊቀበሉ ይችሉ ነበር።

እባካችሁ፣ ኮዳችሁን ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት ማረጋገጫ የሚያጠፋ መስመር ፈልጉበት። ካገኛችሁ አውጡት፤ ከዚያ የሚመጣውን ኤረር እስከ መጨረሻው አንብቡት።