የወንዝ ወደብና የሰማይ ሰዓት፦ አየር መንገድ ሲሸጥ አብሮ የሚሸጠው ምንድን ነው?

(በጋምቤላ ከተማ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተወሰደ)



የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ የሰጠኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ስለ ኩባንያዎች ውሕደት በማስተምርበት ክፍል እጁን አንሥቶ፣ «ዶክተር፣ ለንደን ውስጥ አንዱ አየር መንገድ ሌላውን ቢገዛ፣ ባሮ ዳር ለተቀመጥነው ለእኛ ምናችን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ እኔንም አላረካኝም። ዛሬ በሰፊው ልመልስለት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳውቅ።

ነገሩን ከራሳችን ወንዝ ልጀምር። በግንቦት 1902 ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት በተፈራረሙት ውል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት ለማከራየት ተስማሙ። ጣቢያው በኋላ የቆመው እዚሁ ጋምቤላ ነው። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እዚህ የሚደርሱት ውኃው በሚሞላበት ወቅት ብቻ ነበር። ስለዚህ በጋምቤላ ውድ የነበረው መሬቱ አልነበረም፤ መሬትማ ሞልቶ ነበር። ውዱ ነገር መርከቡ ሊጠጋበት የሚችለው ዳርቻና ሊጠጋ የሚችልባቸው ጥቂት ወራት ነበሩ። ቡናውን በወቅቱ ያላደረሰ ነጋዴ እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል።

ይህን ልብ ካልን የአየር ማረፊያውን ጉዳይ መረዳት አያዳግትም። በአቪዬሽን ሙያ «ስሎት» የሚባለው፣ አንድ አውሮፕላን በተወሰነ ቀንና ሰዓት በተጨናነቀ አየር ማረፊያ ለማረፍ ወይም ለመነሣት፣ መንደርደሪያውንና ተርሚናሉንም ለመጠቀም የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የለንደኑ ሂትሮው ሁለት መንደርደሪያዎች ብቻ አሉት፤ የዓመቱ በረራም ከ480,000 እንዳይበልጥ ተገድቧል። ፈላጊው ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የድልድሉ ልማድ ደግሞ ለነባሩ ያደላል፤ በአንድ የበረራ ወቅት ከተሰጠው ሰዓት ቢያንስ 80 በመቶውን የተጠቀመ አየር መንገድ በሚቀጥለው ተመሳሳይ ወቅት ያንኑ ሰዓት መልሶ ያገኛል። ከዚህ በታች ከተጠቀመ ይነጠቃል። አዲስ ገቢው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

እንግዲህ በልማዱ መሠረት ሰዓት ማግኘት ያልቻለ ምን ያደርጋል? ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሰዓቱን ራሱን መግዛት ነው። በ2016 ኬንያ ኤርዌይስ በገንዘብ ችግር ላይ ሳለ የሂትሮው የማረፊያና የመነሻ ጥንዱን ለኦማን ኤር ማስተላለፉና ዋጋውም 75 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ በስፋት ተዘግቧል። ሁለተኛው መንገድ የሰዓቱን ባለቤት ከነድርጅቱ መግዛት ነው። በ2012 የብሪቲሽ ኤርዌይስ እናት ኩባንያ አይኤጂ፣ ከሉፍታንዛ ላይ ቢኤምአይ የተባለውን ከሳሪ አየር መንገድ በ172.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ከሳሪ ድርጅት ለምን ይገዛል? ቢኤምአይ በሂትሮው ብዙ ሰዓት ስለነበረው ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም ግዢውን ያጸደቀው፣ ገዢው በቀን 14 ጥንድ ስሎት ለተወዳዳሪዎች እንዲለቅ ካስገደደ በኋላ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአየርላንዱ ታሪክ ነው። ከአገሪቱ በስተ ምዕራብ ሻነን የሚባል፣ ከዋና ከተማዋ የራቀ አካባቢ አለ። በ2006 የመንግሥት ንብረት የነበረው ኤር ሊንገስ አብዛኛው አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ፤ መንግሥት አንድ አራተኛ ያህሉን ብቻ ይዞ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው የሻነንን የሂትሮው በረራ አቋርጦ ሰዓቶቹን ለቤልፋስት እንደሚያውል አስታወቀ። የሻነን ነጋዴዎችና ሠራተኞች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ውሳኔው ግን የኩባንያው ነበርና ተፈጸመ። በሻነን መንደርደሪያው አልፈረሰም፤ ተርሚናሉም አልተዘጋም። የጠፋው በሂትሮው የነበረው ሰዓት ነው። በረራው በ2009 ቢመለስም ትምህርቱ አልተረሳም።

በእነዚያ ዓመታት ራያንኤር ኤር ሊንገስን ለመጠቅለል ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2007 እና በ2013 ከለከለው። በ2015 አይኤጂ ለግዢ በመጣ ጊዜ ግን የአየርላንድ መንግሥት ድርሻውን የሸጠው በቅድሚያ ቃል አስሮ ነው። የሂትሮው ሰዓቶች ያለመንግሥት ፈቃድ አይሸጡም፤ ለሰባት ዓመታትም ከደብሊን፣ ከኮርክና ከሻነን ለሚነሡ በረራዎች ያገለግላሉ ተባለ። በ2007 እና በ2015 መካከል ያለው ልዩነት የገዢው ደግነት አይደለም። ልዩነቱ ቃሉ ከሽያጩ በፊት በጽሑፍ መስፈሩ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በጋምቤላ አየር ማረፊያ የሰዓት ጥበት የለም። ጥበት የሚፈጠረው በሌላኛው ጫፍ፣ በቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አሠራር በማዕበል ይመሰላል፤ ብዙ አውሮፕላኖች በተቀራረበ ሰዓት ይደርሳሉ፣ መንገደኞች ይለዋወጣሉ፣ ከዚያም በተቀራረበ ሰዓት ይነሣሉ። ከጋምቤላ የሚነሣ በረራ ከማዕበሉ በፊት ከደረሰ መንገደኛው በዚያው ቀን ወደ ዓለም ይቀጥላል፤ ካለፈው ግን አዲስ አበባ ያድራል። ከዚህ ላይ ቴክኒካዊ ምክንያት ይጨመራል። ግዙፍ አውሮፕላን ከኋላው የተናወጠ አየር ትቶ ስለሚያልፍ፣ እንደ ዳሽ 8-400 ያለ አነስተኛ አውሮፕላን ሰፋ ያለ ርቀት ጠብቆ መከተል አለበት። ከሰማንያ የማይበልጡ መንገደኞች የያዘው በረራ ሦስት መቶ ከያዘው ያላነሰ የመንደርደሪያ ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው። በንግድ ስሌት ብቻ ከተዳኘ፣ ጥበት በመጣ ቁጥር የሚገፋው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይህን የምለው አየር መንገዳችንን ለመክሰስ አይደለም። አየር መንገዱ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው፤ ለሽያጭም አልቀረበም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ከ2017 ጀምሮ አየር ማረፊያዎቻችንን የሚያስተዳድረውም የአየር መንገዱ ግሩፕ ነው፤ ሰዓት ፈላጊውና የሰዓቱ ባለቤት በአንድ ቤት ያድራሉ። ሁለተኛ፣ እኛው ራሳችን በሌሎች አገሮች ገዢዎች ነን። በ2013 በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ ዳግም በተቋቋመው የዛምቢያ አየር መንገድም 45 በመቶ ድርሻ ይዘናል። በናይጄሪያ የታሰበው ሽርክና ግን የአገሩ አየር መንገዶች በፍርድ ቤት ስለተቃወሙት ቆሟል። ከሊሎንግዌ ራቅ ብሎ የሚኖር ማላዊያዊ የተማሪዬን ጥያቄ ስለ እኛ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ወደፊት ደግሞ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞች እንዲያስተናግድ የታቀደው አየር ማረፊያ አለ። ሰፊ መንደርደሪያ ጥበቱን ያቃልላል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ በረራ ወደዚያ ሄዶ የአገር ውስጡ ቦሌ ቢቀር፣ ከጋምቤላ ለሕክምና ወይም ለትምህርት የሚጓዘው ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በምን ይሻገራል? ይህ አሁን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው።

የእኔ ሐሳብ ሦስት ነው። የሰዓት ድልድሉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ከማዕበሉ ጋር የሚገናኙ የተወሰኑ ሰዓቶች ለሩቅ ክልሎች በደንብ ይጠበቁ፤ የአውሮፓ ሕብረት በ1993 ያወጣው የስሎት ደንብ ለሕዝብ አገልግሎት በረራዎች ይህን ይፈቅዳል። ሦስተኛ፣ የአየር መንገድ ድርሻ ወደ ሌላ እጅ የሚያልፍበት ቀን ከመጣ፣ ግዴታው ከነዘመኑና ከነቅጣቱ በሽያጭ ውሉ ይስፈር።

ዋጋ የለውም አልልም። የተጠበቀ ሰዓት ሌላ ትርፋማ በረራን ያስቀራል፤ ግማሽ ባዶ የሚበር አውሮፕላንም ኪሳራ ነው። አሜሪካ ከ1978 ጀምሮ ለትናንሽ ከተሞች በረራ ከመንግሥት በጀት ትደጉማለች። ወጪው በግልጽ ይታወቅ፣ በግልጽም ይከፈል እላለሁ፤ በስውር የሚከፍለው የሩቁ መንገደኛ ነውና።

በ1902 የተጻፈው ውል የዳርቻውን ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱንም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኗል። ቦታው ለፖለቲካና ለጦር ዓላማ እንዳይውል ከልክሏል። ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና አድርጓል። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ውሉ የዘመኑ ሁሉ ጉድለት ነበረበት፤ የባሮ ዳር ነዋሪ ተጠይቆ አልተፈረመም። ቢሆንም ምን እንደተሰጠ፣ ለምን እንደተሰጠና እስከ መቼ እንደተሰጠ በግልጽ ይናገር ነበር።

ተማሪዬ ዛሬ በመካከላችሁ አለ። ምናችን እንደሆነ በከፊል እንኳ መልሼለት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ የቀረውን በውይይቱ እናሟላው።