ጠገራ ብር፦ 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይናገርም

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ጠገራ ብር ለሽያጭ ሲወጣ፣ ሻጩ አስቀድሞ የሚያሳየው የተቀረጸበትን 1780 የሚል ቁጥር ነው። ገዢው ይህን አምኖ «ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ነው» በሚል ሒሳብ ከከፈለ ግን ኪሳራው የራሱ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፈረንሳይዋ ንግሥት የማሪ አንቷኔት እናት የሆነችው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ስታርፍ፣ ብሯ በውጭ ንግድ እጅግ ተፈላጊ ስለነበር በዚያው ቁጥር መመታቱ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮም፣ ፓሪስና ለንደንም መትተውታል። በጠቅላላው የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ በመሆኑ ብርቅ ሊባል አይችልም።

ጎጃም የዚህ ብር የቆየ ደንበኛ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በየጁቤ አቅራቢያ በነበረው በባሶ ገበያ ይሸጥ ነበር። መገበያያውም ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ነጋዴው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ሳይቆጥር ብሩን አይቀበልም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመቱ፤ በወርቅም ሳንቲም አሠርተዋል። ይሁን እንጂ ገጠሩ የለመደውን ማርትሬዛ አለቅም አለ። በቁጥር ያነሰው የምኒልክ ብር ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ የ1887ቱ ዋጋው ላቅ ይላል።

ለመሆኑ ዋጋው እንዴት ይሰላል? ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም፣ ማለትም የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለሆነም የዕለቱ የዓለም ገበያ የብር ዋጋ በአውንስ ከታወቀ፣ ሦስት አራተኛው የማዕድኑ ዋጋ ይሆናል። ለተራው ማርትሬዛ መነሻው ይኸው ነው። የምኒልክ ብርም ክብደቱ ተቀራራቢ ነው፤ ነገር ግን በግራም ብቻ የሸጠው ሰው ትርፉን ለገዢ አስረክቧል ማለት ነው።

ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ቀለበት የተበየደበት ብር በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። በአመድ ወይም በአሸዋ ፈትጎ ማንጣትም እንዲሁ ይጎዳዋል። ክብደቱ የጎደለ ከሆነ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት የሚስበው ከሆነ ደግሞ ሐሰተኛ ነው። አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ከማቅለጥ በፊት ዓመቱንና ምስሉን ማየት ይበጃል፤ የቀለጠ አይመለስምና።

በመጨረሻም፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ለውጭ ሰብሳቢ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ፣ ከዋጋው በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።