የመስታወት ጣሪያ ያለው መኪና፦ ጥቅሙና ጉዳቱ



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ለማስተማር ልምምድ ቱርሚ በነበርንበት ጊዜ አንድ ተማሪ ያነሳው ጥያቄ ነው። ዕለቱ ሰኞ፣ የቱርሚ ገበያ ቀን ነበር። ጣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት የሆነ አንድ የእንግዶች መኪና ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቆመ። በማግስቱ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና፦

«መምህር፣ ጣሪያው መስታወት ከሆነ ፀሐይዋ ሰዎቹን አታቃጥላቸውም?» አለ።

ያስተምር የነበረው ጓደኛችን «መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት አያስገባም» ሲል መለሰ።

«ታዲያ ሾፌሩ ለምን ብርድ ልብስ አለበሰው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እውነትም ሾፌሩ መኪናውን እንዳቆመ ጣሪያው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ነበር። ልጁ ያየውን እኛ አላስተዋልንም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ግዴታችን ሆነ።

የመኪናን ጣሪያ ግልጽ ማድረግ የዛሬ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስካይላይነር በተባለው መኪናው ላይ የጣሪያውን የፊት ክፍል አረንጓዴ ቀለም ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ሠርቶ ነበር። በሞቃት ወራት ውስጡ ስለሚግል ከሥሩ የሚጋረድ ጨርቅ አስፈለገው። ያ ዓይነት ጣሪያ ከ1956 በኋላ ቀረ። ዛሬ ግን መስታወቱ ተሻሽሎ ነገሩ እንደገና ተስፋፍቷል። በአገራችንም መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል ጣሪያቸው መስታወት የሆነ ይገኙባቸዋል።

ጥቅሙን እንመልከት።

ሀ/ ብርሃን ይሰጣል። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ በተለይ ሕፃን ልጅ፣ ከፊቱ ያለውን ወንበር ብቻ እያየ ከመሄድ ተራራውን፣ ወፉን፣ ማታም ከዋክብቱን ያያል። የቱርሚን ሌሊት ያየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም ይላል።

ለ/ ውስጡ ሰፊ ይመስላል፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው እፎይ ይላል።

ሐ/ የሚከፈተው ዓይነት ከሆነ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያውን ገርበብ ማድረግ መኪናውን ያናፍሳል። የማይከፈተው ዓይነት ግን ይህ ጥቅም የለውም።

ጉዳቱስ?

ሀ/ ዋናው ሙቀት ነው። ብርሃን መስታወቱን አልፎ ወንበሩን ይመታል፤ ወንበሩ ይሞቃል። የሞቀው ወንበር መልሶ የሚያወጣው የሙቀት ጨረር ግን እንደ ብርሃኑ በቀላሉ መስታወቱን አልፎ አይወጣም። ሞቃቱም አየር መውጫ ያጣል። ጥቁር መስታወት ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ራሱ ግሎ ከፊሉን ሙቀት ወደ ውስጥ ይልካል። ጓደኛችን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙቀትን የሚመልስ ልዩ ቅብ ያለው መስታወት የተሻለ ቢሆንም ዋጋው ይወደዳል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው የሚሠራው ከዚያው ከባትሪው ስለሆነ፣ ሙቀቱ ሲበዛ መኪናው በአንድ ሙሌት የሚሄደው መንገድ ያጥራል።

ለ/ ክብደት። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ግን 12 ኪሎ ተኩል ይሆናል። እጥፍ ማለት ነው እኮ! ያውም ክብደቱ የሚጨመረው በመኪናው አናት ላይ ነው።

ሐ/ ጥገና። የተጣመመ ላሜራ ባትላሜራ ቀጥቅጦ ያቃናዋል፤ የተሰበረ መስታወት ግን መለወጥ አለበት። የሚከፈተው ጣሪያ የዝናብ ውኃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። በእኛ መንገድ አቧራ ሲደፈኑ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። ስኮርታ ጎማና ጀሪካን ፖርቶ መጋላ ላይ ጭኖ ለሚጓዝ ሰውማ መስታወቱ ተሸፍኖ ምን ያሳየዋል?

ይህን ካነበብን በኋላ በራሳችን መንገድ ፈተንነው። እኩል የሆኑ ሦስት ካርቶኖች አዘጋጀን፤ በየውስጣቸው ባቄላ የምታክል ቅቤ አስቀመጥን። አንደኛውን በካርቶን፣ ሁለተኛውን በመስታወት ከደንን። ሦስተኛውንም በመስታወት ከድነን ከላይ ወፍራም ጨርቅ አለበስነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ አወጣናቸው። በቅድሚያ የቀለጠው ባዶ መስታወት ሥር ያለው ቅቤ ሲሆን፣ ጨርቅ የለበሰው ግን ገና ጠጣር ነበር። ሾፌሩ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ጥላው ከውጭ ሲሆን ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ከመድረሷ በፊት ትታገዳለች።

ታዲያ ብዙ የሚሠራ ነገር ለምን በአንዱ አገር ተወዶ በሌላው ያስቸግራል? መልሱ ከሰማይ ነው። በታኅሣሥ በርሊን ከተማ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትወጣለች። እዚያ ብርሃን ይናፈቃል፤ ጣሪያውም ብዙ አይመታም። ቱርሚ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። እዚህ ፀሐይን የሚቀበለው ጣሪያው ነው። ደጋ ላይ ላለችው ለአዲስ አበባ የሚስማማው ለቱርሚ ቆላ ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ መኪና የሚገዛ ወይም የሚከራይ ሰው «ያምራል ወይ?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ፀሐይ ሥር ልነዳው ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንላለን።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ክፍሉ ጨለመ ተብሎ ከቆርቆሮው አንዱን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ለመለወጥ ይታሰብ ይሆናል። ብርሃኑ መልካም ነው፤ ግን ከሥሩ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ወንበሮቹ የት እንደሆኑ አስቀድመን እንይ።

ልምምዳችን ከማለቁ በፊት ጓደኛችን ሦስቱን ካርቶኖች ይዞ ክፍል ገባና «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» ብሎ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ልጅ አልነበረም። ጠያቂው ልጅ ወደ ፊት ወጥቶ ቅቤውን በጣቱ ነካና ለጓደኞቹ እሱ ራሱ አስረዳቸው።